ከፀጉር የተሠራ ብሮሽ ገዛሁ፤ የቪክቶሪያ ዘመን የሐዘን ጌጥ ነው ተባልኩ

የሊድሷ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሊድስ ነው። እሁድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወጥቼ አንድ ብሮሽ፣ ማለትም ልብስ ላይ በመርፌ የሚሰካ ጌጥ፣ ገዛሁ። ሻጩ «የቪክቶሪያ ዘመን የሐዘን ጌጥ ነው» አለኝ። ስለ እንዲህ ያለ ጌጥ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ላስረዳችሁ። ሞላላ ነው። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ይበልጣል። ዙሪያው ወርቅ ይመስላል፤ በላዩ ነጭ ኢናሜል (በእሳት የተጋገረ የመስታወት ቅብ) አለው። መሀሉ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ሥር ፈካ ያለ ቡናማ ፀጉር አንዱ ባንዱ ላይ እየተሻገረ ተሸምኗል። በአጉሊ መነጽር ሳየው አንዲት ዘለላ ከሽመናው አምልጣ ወደ ጠርዙ ታጥፋለች። ከኋላው ጽሑፍ አለ፤ ተፍቆ ስለደበዘዘ ማንበብ አልቻልኩም።

ፀጉሩ የእውነት የሰው ነው? ወርቁስ ወርቅ ነው? ከሁሉ በላይ ግን፣ የማላውቀውን ሰው ሐዘን ደረቴ ላይ ማድረግ ነውር ይሆን?

አንጥረኛው
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ ወርቅ ሠሪ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ፒያሳ ነው፤ አሁን በርሚንግሃም እሠራለሁ። ስለ ስሜቱ ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ ዕቃው ልንገርሽ።

መጀመሪያ ገልብጪውና መርፌውን እዪ። የዚያ ዘመን ብሮሽ መያዣው አብዛኛውን ጊዜ ቆልመም ያለ ተራ ሽቦ ነው። መርፌው ይገባበታል እንጂ የሚቆልፈው ነገር የለም። መርፌውም ረዘም ይልና ከብሮሹ ጠርዝ አልፎ ይወጣል። የሚቆለፍ መያዣ ካለው ወይ ኋላ የተሠራ ነው፣ ወይ መያዣው ተቀይሯል።

ቀጥለሽ ማህተም ፈልጊ። እንግሊዝ አገር 9፣ 12 እና 15 ካራት ወርቅ በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። 12 እና 15 ደግሞ በ1932 ቀርተው በ14 ተተኩ። ስለዚህ «15» የሚል ካየሽ ዕቃው የተሠራው በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። መልሕቅ ካለው በርሚንግሃም፣ የነብር ራስ ካለው ለንደን ተፈትኗል ማለት ነው። አብራ የምትመጣው አንዲት ፊደል ዓመቱን ትነግርሻለች። ማህተም ከሌለውም አትደንግጪ። ከትንንሾቹ የሐዘን ጌጦች ብዙዎቹ የላቸውም።

አንድ አደራ ልስጥሽ። ውኃ ውስጥ እንዳትነክሪው። ውኃ በመስታወቱ ጠርዝ ሾልኮ ከገባ ፀጉሩ ይበላሻል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል። ሎሚም፣ የጥርስ ሳሙናም አይንካው።

ጥቁር_ጌጥ
ነጭ ኢናሜል ስትዪ ልቤን ነካሽው። የተለመደው ጥቁር ነበር። ነጩ ባብዛኛው የሚደረገው ለሕፃን ወይም ላላገባ ሰው ነው። ጽሑፉን ሳታነቢ ፊት ብሮሹ አንድ ነገር ነግሮሻል።

እኔ እነዚህን ጌጦች የምሰበስብ ሰው ነኝ፤ ለንደን ነኝ። ብዙ ሰው ነገሩን የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጀመረችው ይመስለዋል። ቀብር ላይ ቀለበት ማደል ከእሷ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ባለ ዕለት ማስታወሻው ሳሙኤል ፒፕስ በ1703 ሲሞት ከ100 ለሚበልጡ ሰዎች ቀለበት ታድሏል፤ ያውም እንደየቅርበታቸው ዋጋው ተለይቶ። በዚያን ጊዜ ጌጦቹ ላይ የራስ ቅልና አጥንት ይቀረጽ ነበር። መልእክቱ «አንተም ትሞታለህ» ነው። ቆይቶ የራስ ቅሉ ቀረና ያዘነበለ ዛፍ፣ ማሰሮ ላይ ተደግፋ የምታለቅስ ሴት፣ የእንባ ምሳሌ የሆኑ ደቃቅ ሉሎች መጡ። ትኩረቱ ከሞት ወደ ሟቹ ዞረ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏን ልዑል አልበርትን ያጣችው ዲሴምበር 14 ቀን 1861 ዊንዘር ላይ ነው። ሰውየው ገና 42 ዓመቱ ነበር። እሷ ከዚያ በኋላ እስከሞተችበት እስከ 1901 ድረስ ጥቁር አላወለቀችም። ኦኒክስ ከሚባል ድንጋይ የተሠራ፣ መሀሉ ላይ አልማዝ ያለበት ሎኬት (የሚከፈት የአንገት ጌጥ) አሠርታ የአልበርትን ፀጉርና ፎቶግራፍ አስገባችበት። ስትሞት ለልጅ ለልጅ ልጅ እንዳይተላለፍ፣ አልበርት የሞተበት ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘች። የጌጥ ሀብት ሞልቶ በተረፈበት ቤት ይህን አንዱን ለይታ አስቀረችው።

ሕዝቡም በየአቅሙ ተከተላት። ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘኗ ሁለት ዓመት ተኩል ድረስ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ቀን ከባዱ ነው። ልብሱ ክሬፕ የሚባል የማያብረቀርቅ ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ጌጥ ከተደረገም ጄት ነው፤ ጄት ድንጋይ የሚመስል ጥቁር ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ግራጫና ቀላ ያለ ሐምራዊ ይፈቀዳል፤ አሜቲስት የሚባለው ሐምራዊ ድንጋይና ሉል ያኔ ይመለሳሉ። በ1841 ለንደን ሪጀንት ስትሪት ላይ የሐዘን ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ተከፍቶ ነበር። ሴትዮዋ ገብታ ከኮፍያ እስከ ጓንት ሁሉንም ይዛ ትወጣለች።

ይህን ሁሉ ቅንጦት ብቻ አድርገን ባንወስደው ጥሩ ነው። በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ወደ 150 የሚሆኑት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ሞት በየቤቱ ነበር።

የሸገር_ልጅ
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይህ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። እኛ ጋ ሐዘን ሲመጣ ጌጥ ይወልቃል። ሀብሉም፣ ጉትቻውም ይቀመጣል። ነጠላው ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ ይለበሳል፤ ፀጉር ይቆረጣል፤ ጥቁር ይለበሳል። አያቴ ልጃቸው ሲሞት የጆሯቸውን ወርቅ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ አላደረጉትም። ለማዘን ብሎ ጌጥ መግዛት ምን ይሉታል? የሟችን ፀጉር ደረት ላይ አድርጎ መዞሩስ አይከብድም?

ጥቁር_ጌጥ
@የሸገር_ልጅ ወንድሜ፣ አልተራራቅንም። እነሱም መጀመሪያ የሚያወልቁት የሚያብረቀርቀውን ነው። አልማዝና ቀለም ያለው ድንጋይ ሳጥን ይገባል። ጄት የተወደደው ጥቁርና ዓይን የማይስብ ስለሆነ ነው። እናንተ ጥለት እንደምታዞሩ የእነሱ ሐዘንተኛም ጄት ታደርጋለች፤ ያየ ሰው ሐዘንተኛ መሆኗን አውቆ ቃሉን ይመጥናል።

ፀጉሩን በተመለከተ፣ ከሰው አካል ሳይበሰብስ የሚቀር ነገር ነው። ፎቶግራፍ በየቤቱ ባልነበረበት ጊዜ እናት ከልጇ ምን ይቀራታል? እስቲ አስበው።

ሹሩባ
እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ፀጉር ቤት አለኝ። ስለ አሠራሩ ልጨምር፤ እጄ የፀጉር እጅ ስለሆነ ጉዳዩ ውስጤ ገብቶ ብዙ አንብቤበታለሁ።

ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው እንደ የሊድሷ ብሮሽ ጠፍጣፋ ነው። ፀጉሩ በሶዳ ውኃ ተፈልቶ ቅባቱ ይወጣል። ከዚያ በስሱ ይዘረጋና በሙጫ ይያዛል። አበባ፣ ላባ፣ ወይም የሽመና ጥለት ተደርጎ ከመስታወት ሥር ይገባል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስደንቀኛል። መሀሏ ቀዳዳ ያላት ክብ ጠረጴዛ አለች። ፀጉሩ በቁጥር ተቆጥሮ በቀጫጭን ዘለላ ይከፈላል። በየዘለላው ጫፍ የእርሳስ ክብደት ይንጠለጠላል። ሠሪዋ ዘለላዎቹን በጠረጴዛው ዙሪያ እያሻገረች ትጎነጉናለች፤ የተጎነጎነው በቀዳዳው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ የእጅ አምባር፣ የሰዓት ሰንሰለት፣ ጉትቻ ሳይቀር ይወጣዋል። አንድ ፀጉር ካመለጠች ሥራው ሁሉ ይዛባል። ቀኑን ሙሉ ስጎነጉን የምውል ሴት ነኝና ድካሙ ይገባኛል።

በዚህ የታወቁት የስዊድን ሴቶች ናቸው። ዳላርና ውስጥ ቮምሁስ የምትባል መንደር አለች። አገሩ ድሃ ስለነበር ሴቶቹ ጠረጴዛቸውን ይዘው እስከ እንግሊዝና ሩሲያ በእግርም በመርከብም እየተጓዙ ሠርተው ቤተሰብ ያስተዳድሩ ነበር። ሙያው እዚያች መንደር ዛሬም አልጠፋም።

ሌላው፣ ሰዎች ፀጉሩን ለሱቅ ሲሰጡ ይሰጉ ነበር። ባለሱቁ የልጄን ፀጉር ትቶ ሌላ ፀጉር ቢያስገባስ? ስጋቱ መሠረት ነበረው፤ በጅምላ የተገዛ ፀጉር ለመሥራት ይቀል ነበር። ብዙ ሴቶች ቤታቸው ተቀምጠው ራሳቸው መሥራት የተማሩት አንድም ለዚህ ነው። በ1867 አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ የሚያስተምር መጽሐፍ ከነሥዕሉ ታትሟል።

ደግሞ ፀጉር ያለበት ጌጥ ሁሉ የሐዘን አይደለም። ፍቅረኞች ይለዋወጡት ነበር። ቪክቶሪያ ራሷ የዘጠኙ ልጆቿ ፀጉር በዘጠኝ ትንንሽ የኢናሜል ልቦች ውስጥ የገባበት አምባር ነበራት። ልጆቹ በሕይወት እያሉ ነው የተሠራው። ነጋዴ «የሐዘን» ሲል ዋጋ ስለሚጨምር ይህን እወቁ።

የሊድሷ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንጥረኛው እንዳልከኝ ገለበጥኩት። መያዣው ተራ ቆልማማ ነው፤ መርፌውም ጠርዙን አልፎ ወጥቷል። ማህተም የለውም። መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ በጎን ሳበራበት ጽሑፉ ወጣልኝ። ሁለት የስም መነሻ ፊደላት፣ «1869»፣ ከዚያ «ዕድሜ 4»። ጥቁር ጌጥ፣ ልክ ነበርሽ። ልጅ ነው።

ቤተሰቡን ማግኘት ይቻል ይሆን?

የመዝገብ_ቤት_ሰው
በሁለት ፊደል ብቻ ከባድ ነው፤ ግን መንገድ አለ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው በ1837 ነው። የመዝገቡ ማውጫ በኢንተርኔት በነፃ ይፈለጋል፤ የሟቹ ዕድሜም አብሮ አለ። ችግሩ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ሻጩን ተመልሰሽ ጠይቂው። ዕቃው ከየትኛው ቤት እንደወጣ ካወቀ ስሙ ሊገኝ ይችላል። ሳጥን ነበረው? የድሮ ወርቅ ቤቶች ስማቸውንና ከተማቸውን በሳጥኑ ክዳን ሐር ላይ ያትሙ ነበር። ሳጥኑን አትጣይ።

አስታማሚዋ
በናታችሁ እኔም ልጠይቅ። ለንደን አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው። ሳስታምማቸው የነበሩ እናት ከማረፋቸው በፊት፣ በልጆቻቸው ፊት፣ አንድ ጥቁር የአንገት ዶቃ ሰጡኝ። «የአያቴ ነው፣ ዊትቢ ጄት ነው» ብለውኛል። የሚሸጥ አይደለም፤ ምን እንደያዝኩ ማወቅ ነው የፈለግኩት።

ጥቁር_ጌጥ
@አስታማሚዋ ነፍሳቸውን ይማር። በደንብ ልመልስልሽ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ጄት ነው።

ጄት ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንጨት ነው። ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የአራውካሪያ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ወድቀው፣ ባሕር ውስጥ ገብተው፣ በጭቃ ተጭነው የተፈጠረ ነው። ምርጡ የሚገኘው ዮርክሻየር ባሕር ዳርቻ፣ ዊትቢ አካባቢ ነው። በ1851 ለንደን ላይ በተደረገው ታላቁ ኤግዚቢሽን ስሙ ገነነ። ከአልበርት ሞት በኋላ ደግሞ ገበያው ጣሪያ ነካ። በ1870ዎቹ ያቺ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ ከ1,000 በላይ ወንዶችና ልጆች በጄት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ትንንሽ ዎርክሾፖች ነበሩ፤ አየሩ በጥቁር አቧራ የታፈነ። ቀጥሎ ከስፔን ለስላሳ ጄት እየገባ ዕቃው መሰባበር ጀመረ፤ ስሙ ተበላሸ። ርካሽ ማስመሰያም በዛ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሠራተኛው ከሩብ በታች ወርዶ ነበር።

አሁን ያንቺን ፈትኚ። ዶቃውን መዳፍሽ ላይ አድርጊው። ጄት ቀላል ነው፤ ሲነኩትም አይቀዘቅዝም። ቅዝቅዝ ብሎ ከከበደ መስታወት ነው፤ «የፈረንሳይ ጄት» የሚሉት እሱን ነው። በጥርስሽ ቀስ ብለሽ ብትነኪው መስታወቱ ጠንካራ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ጄት ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ቀጥሎ፣ ያልተቀባ ሸክላ ላይ፣ ለምሳሌ የሲኒ መቀመጫ የማይታይ ጠርዝ ላይ፣ የአንዱን ዶቃ ቀዳዳ አካባቢ በስሱ ፈትጊው። ጄት ቡናማ መስመር ይተዋል።

ቀለሙ ወደ ቡናማ የነጣ ከሆነ ቨልካናይት ሊሆን ይችላል። ከጎማና ከድኝ የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ያነጣዋል። ጠበቅ አድርገሽ በጨርቅ ብታሺው የድኝ ሽታ ይሸትሻል። ቨልካናይት በቅርጽ ስለሚፈስ ጌጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጄት ግን በእጅ ስለሚቀረጽ የቢላው ዱካ ይታያል። የጋለ መርፌ ውጉበት የሚል ምክር በየቦታው አለ። እባክሽ እንዳታደርጊው፤ ጠባሳው አይለቅም።

አስታማሚዋ
አይቀዘቅዝም። የሲኒው ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር ወጣ። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። እናታችን ልክ ነበሩ።

ቋራ
ወጋችሁን ስከታተል ነበር። የሊድሷ፣ አንቺ ያለሽበት ከተማ ውስጥ ነው ልዑል ዓለማየሁ የሞተው። ሄዲንግሊ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1879፣ በ18 ዓመቱ። ብሮሽሽ የተሠራለት ልጅ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለ ፀጉር ከተነሣ የእኛም ፀጉር እዚያው አገር ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ እንግሊዞቹ ከንጉሠ ነገሥቱ ራስ ላይ ፀጉር ቆርጠው ወሰዱ። አስከሬናቸውን የሣለ ሠዓሊ ዘመዶች እ.ኤ.አ. በ1959 ለንደን ላለው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ሰጡት። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ለኢትዮጵያ መለሰ። እናንተ ስለ ፍቅር ስታወሩ እኔ ይሄ ነው የሚታየኝ።

ጥቁር_ጌጥ
ያነሣኸው መነሣት ያለበት ነገር ነው። እኔ እንዲህ ነው የማየው። ፀጉርን የሐዘን ጌጥ የሚያደርገው ሰጪና ተቀባይ መኖሩ ነው። እናት የልጇን ትቆርጣለች፤ ሚስት የባሏን። የንጉሠ ነገሥቱ ፀጉር ሲቆረጥ ቤተሰባቸው ተማርኮ፣ ግምጃ ቤታቸው ሲዘረፍ ነው። እቴጌ ጥሩወርቅም ልጃቸውም እዚያው ነበሩ፤ ማንም ፈቃድ አልጠየቃቸውም። ያ ምርኮ ነው። በብርጭቆ ውስጥ ቢገባ፣ በሐር ቢጠቀለል አይለወጥም።

የሸገር_ልጅ
የልዑል ዓለማየሁስ? በ2023 የተመለሰው የእሱም ፀጉር ነው አይደል?

ቋራ
አዎ። ባሻ ፈለቀ የምንለው የአሳዳጊው የካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች ዘር ዘንድ ሲተላለፍ የቆየ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። አስከሬኑን ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያው ዓመት፣ አጠገቡ ያሉትን ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ እምቢ አለ።

ሹሩባ
የልጁ ፀጉር ከአባቱ ይለይብኛል። ባሻ ፈለቀ አማርኛ ይናገር ነበር፤ ልጁም ለእሱ ክፉኛ ይጠጋ ነበር። ሕፃን ልጅ ፀጉሩ ሲቆረጥ አሳዳጊው ማስቀመጡ የዘመኑ ወግ ነው። ቪክቶሪያም መሞቱን ስትሰማ ዘመድ በሌለበት በሰው አገር ብቻውን መቅረቱ እንዳሳዘናት በማስታወሻዋ ጽፋለች። ሐዘናቸው የውሸት አልመሰለኝም።

ቋራ
የውሸት ነው አላልኩም። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ከአገሩ ባይወሰድ ማንም በሰው አገር መቅረቱን ባላዘነለት። የወደዱት ሰዎች መኖራቸውና የተወሰደ መሆኑ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ፀጉሩ መመለሱ ትክክል የሆነው ለዚህ ነው፤ አገሩ ላይ ገና ያላለቀሰለት ቤተሰብ አለ።

ሹሩባ
በዚህ እስማማለሁ።

አንጥረኛው
የሊድሷ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ሳይመለስ እንዳይቀር። ነውር አይደለም። ያ ብሮሽ ቢቀልጥ የሚወጣው ወርቅ ጥቂት ነው፤ ወርቅ ሲወደድ ግን እንዲህ ያለውን ፀጉሩን ጥለው የሚያቀልጡ አሉ። ገዝተሽ አትርፈሽዋል። አድርገሽው ለምትወጪበት ቀን ብቻ፣ መያዣው ስለማይቆልፍ፣ ከኋላው ትንሽ የጎማ መያዣ መርፌው ጫፍ ላይ ሰክተሽ ውጪ።

የሊድሷ
ተባረክ። ሙዚየም ገብቼ ሌሎችን ማየት ፈልጌያለሁ። የት ልሂድ? የልዑል ዓለማየሁን መታሰቢያም ማየት እፈልጋለሁ።

ጥቁር_ጌጥ
ለጄት ዊትቢ ሙዚየም፣ ፓኔት ፓርክ ውስጥ ነው። ከሊድስ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ለፀጉርና ለኢናሜል ለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የጌጥ ክፍል ሂጂ፤ መግቢያው ነፃ ነው።

ቋራ
የልዑሉ መታሰቢያ ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ከወንጌል «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው ተጽፎበታል። እሁድ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የሚገባው ለጸሎት ብቻ ነው። በሌላ ቀን ሂጂ።